ከመጀመሪያው ጥርጣሬ እስከ አጸደ ሕፃናት በር፦ የኦቲዝም ምርመራና የትምህርት ቤት ምርጫ በወሎ ላሉ ወላጆች

“አብሽር፣ አባቱም አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ ነው።” ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቶት “እማ” ሳይል ሲቀር፣ ደሴም ይሁን ወልድያ፣ ሐይቅም ይሁን ከሚሴ፣ ቡና ላይ መጀመሪያ የሚሰማው ይህ ነው። የሚናገሩት ሊያጽናኑ ነው፤ ዳሩ ግን አንድና ሁለት ዓመት ያስበላል። እውነት ነው፣ ዘግይተው አፍ የሚፈቱ ደህና ልጆች አሉ። እነሱ ግን ቃል ባይኖራቸውም በጣታቸው ይጠቁማሉ፣ ያስገረማቸውን ነገር ሊያሳዩ ይጎትቷችኋል፣ ከወደቁ በኋላ ፊታችሁን አይተው ነው የሚያለቅሱት። ኦቲዝም ልጁ ከሰው ጋር በሚግባባበት መንገድና በባሕሪው ላይ የሚታይ የእድገት ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ከቃሉ ይልቅ ልጁ ከሰው ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ተመልከቱ።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ነገሩን በተራ ማድረግ ነው፦ መጀመሪያ ሐኪሙ ወረቀት ይስጥ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት እንፈልጋለን። ወረቀቱ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ መስከረም ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ምርመራውን፣ የቤት ውስጥ ሥራውንና የትምህርት ቤት ፍለጋውን ጎን ለጎን አስኬዱ።

ደረጃ 1፦ የሁለት ሳምንት ደብተር

ሐኪም ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ አጭር ነው። ልጁ በዚያች ጊዜ ወይ ያለቅሳል ወይ ፀጥ ይላል። ቤት ውስጥ የሚያደርገውን የሚናገርለት የእናንተ ደብተር ነው። “ባሕሪው አስቸጋሪ ነው” ብሎ መጻፍ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ጻፉ፦

“ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት መጣ። ሲኒው ሲንኳኳ ጆሮውን ይዞ ወደ ጓዳ ሮጠ። ስሙን 4 ጊዜ ጠራነው፣ አልዞረም። የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ወዲያው መጣ። ብስኩቱን ሲፈልግ እጄን ይዞ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው፤ ፊቴን አላየም።”

በየቀኑ ከሦስት እስከ አምስት መስመር ይበቃል። ሁለት ነገሮችን ግን ሆን ብላችሁ ሞክሩ። አንደኛ፣ ልጁ ስልክ ሳይዝ ከጀርባው ሁለት ሦስት ሜትር ርቃችሁ፣ ሳትነኩት ስሙን ጥሩ፤ በቀን አምስት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት። ስንቴ እንደዞረ ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ በመስኮት ወፍ ወይም ባጃጅ እየጠቆማችሁ “አየህ!” በሉት። የጠቆማችሁትን አየ? ጣታችሁን ብቻ አየ? ወይስ ምንም አላየም?

በዕድሜ ስትለኩ እነዚህን ያዙ፦ በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ በ18 ወሩ የሚፈልገውን ወይም የገረመውን ካልጠቆመ፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ከራሱ አጋጥሞ (“እማ ነይ” ዓይነት) ካልተናገረ ምርመራ ያስፈልገዋል። የነበረው ቃል ወይም ፈገግታ የጠፋበት ልጅ ግን በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ሳምንት ይታይ።

አማርኛ ለጆሯችን አንድ ጠቃሚ የጥርጣሬ ምልክት ትሰጠናለች። ውሃ የጠማው ልጅ “ውሃ እፈልጋለሁ” በማለት ፈንታ “ውሃ ትፈልጋለህ?” ካለ፣ እናንተ የጠየቃችሁትን ከነ “ህ”ው መልሶ እየተጠቀመበት ነው። “ማን ትባላለህ?” ሲባል “ማን ትባላለህ” ብሎ የሚመልሰውም እንዲሁ። ይህን ቃል በቃል ጻፉት፤ “ይናገራል” ብላችሁ አትለፉት። ሀሁን እስከ ፐ በቃሉ የሚወጣ፣ የመኪና ታርጋ የሚያነብ፣ ግን “አመመኝ” ማለት የማይችል ልጅ ብዙ ጊዜ “ጎበዝ ነው” ተብሎ የሚዘለለው በዚህ ምክንያት ነው። ሴት ልጆች ደግሞ “ዓይናፋር ናት፣ ጨዋ ናት” ተብለው ይቀራሉ። አንገቷን ደፍታ ጥግ የምትቀመጥ ልጅ በወሎ ቤት ትመሰገናለች፤ መመስገኗ ከመመርመር አያስቀራት።

ከደብተሩ ጋር አምስት ቪዲዮ ቅረጹ፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ያህል፦ ብቻውን ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ስሙ ሲጠራ፣ ከሌላ ልጅ ጋር ሲሆን፣ ሲናደድ። “እስኪ እንዲህ በል” እያላችሁ አታሠሩት፤ እንደተገኘ ይቀረጽ።

ደረጃ 2፦ የ20 ጥያቄው ቅጽ

ኤም-ቻት የሚባለው ቅጽ ከ16 እስከ 30 ወር ላለ ልጅ ወላጅ የሚመልሳቸው 20 የአዎና የአይደለም ጥያቄዎች ናቸው። ክፍያ የለውም፤ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ጠይቁ። ከ0 እስከ 2 ነጥብ ዝቅተኛ ስጋት ነው፤ ልጁ ገና 2 ዓመት ካልሞላው ሲሞላው ይደገማል። ከ3 እስከ 7 ከሆነ ባለሙያው ነጥብ በተያዘባቸው ጥያቄዎች ላይ ዝርዝር ይጠይቃችኋል። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ወደ ሙሉ ምርመራ ይላካል።

ወላጆች ሁለት ቦታ ላይ ይሳሳታሉ። “አንዳንዴ ያደርገዋል” የሚባለውን አዎ ብለው ይሞላሉ፤ ደንቡ ግን ጥቂት ጊዜ አይታችሁት ግን የማያዘወትረው ከሆነ “አይደለም” ነው። ሌላው፣ 2ኛው፣ 5ኛውና 12ኛው ጥያቄ የተገላቢጦሽ ናቸው፦ መስማት ይሳነው ይሆን ብላችሁ ጠርጥራችሁ እንደሆነ፣ ጣቶቹን ዓይኑ አጠገብ እንግዳ በሆነ መንገድ ያንቀሳቅስ እንደሆነ፣ የዘወትር ድምፅ ያስጨንቀው እንደሆነ ይጠይቃሉ። በሌሎቹ ነጥብ የሚያዘው “አይደለም” ሲባል ነው፤ በእነዚህ ግን “አዎ” ሲባል ነው። ቅጹ ማጣሪያ ነው፤ ኦቲዝም አለ ወይም የለም ብሎ አይፈርድም። 30 ወር (ሁለት ዓመት ተኩል) ላለፈው ልጅ ደግሞ አይሆንም፤ ደብተሩን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ደረጃ 3፦ ጆሮ

ንግግር የዘገየ ልጅ ሁሉ መስማቱ መለካት አለበት፤ “ይሰማል፣ እኔ አውቃለሁ” አይበቃም። ከጀርባው ማጨብጨብ ምርመራ አይደለም፤ ንፋሱንም ጥላውንም ያያል። በከፊል የሚሰማ ልጅ የበር ድምፅ ሰምቶ ዞሮ የንግግር ድምፅ ግን ሊያመልጠው ይችላል። መጀመሪያ ኩክና የጆሮ ኢንፌክሽን ይታይ፤ ከዚያ ትንሽ ልጅ ሳይናገር መለካት የሚችሉት መሣሪያዎች (ኦኤኢ እና ኤቢአር) የት እንደሚሠሩ የአንገት በላይ ሐኪሙን ጠይቁ። ለኤቢአር ልጁ መተኛት ስላለበት፣ ሌሊት አምሽታችሁ አስተኝታችሁ ጠዋት ቀስቅሳችሁ ውሰዱት፤ መንገድ ላይ እንዲተኛ አትፍቀዱለት።

ደረጃ 4፦ ሪፈርና ሆስፒታል

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ያለ ሪፈር ሆስፒታል ከገባችሁ ወጪው በራሳችሁ ሊሆን ይችላል። ሪፈሩ ላይ “የንግግር መዘግየት” ብቻ ተጽፎ እንዳይቀር “የእድገትና የማኅበራዊ ግንኙነት ጥርጣሬ፣ ለሙሉ ግምገማ” እንዲጻፍ ጠይቁ። በአጭሩ ከተጻፈ ልጁ ጉሮሮ ታይቶ፣ ምላሱ ሥር ያለው ክር ታይቶ ሊመለስ ይችላል። ምላስ ማስቆረጥ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ቃል አያመጣም።

ደሴ ላይ ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በሰሜን በኩል ወልድያ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ቅርባችሁ ናቸው። የሕፃናት ስፔሻሊስትንም የአእምሮ ሕክምና ክፍሉንም እንድታገኙ ጠይቁ። “አእምሮ ሕክምና” የሚለው በር ላይ ሲጻፍ አያት ሊደነግጡ ይችላሉ፤ ልጁ “አበደ” ማለት እንዳልሆነ ከቤት ሳትወጡ አስረዷቸው። ይዛችሁ የምትሄዱት፦ የክትባት ካርድ፣ የወሊድ መረጃ (ስንት ኪሎ ተወለደ፣ ወዲያው አለቀሰ ወይ፣ ቢጫ ሆኖ ነበር ወይ)፣ የሚጥል በሽታ ወይም ማጅራት ገትር ነበረ ከተባለ መቼ፣ በቤተሰብ ውስጥ ዘግይቶ የተናገረ ሰው። የልደት ቀኑን በእኛም በአውሮፓም አቆጣጠር ጽፋችሁ ያዙ፤ ዕድሜን በወር የሚያሰላ ቅጽ ላይ መስከረምና ሴፕቴምበር ሲምታቱ ውጤቱ ይዛባል።

ሐኪሙ ሁለት ወገን ይፈልጋል። በማኅበራዊ ግንኙነት በኩል ስሜት መቀባበል፣ ያለ ቃል መግባባት (ዓይን፣ ምልክት፣ ፊት) እና ጓደኝነት፤ ሦስቱም ላይ ችግር መኖር አለበት። በሌላው ወገን ደግሞ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ወይም ንግግር፣ ለውጥን አለመቀበል፣ አንድ ነገር ላይ እጅግ መጠመድ፣ ለድምፅ ለሽታ ለልብስ ከልክ በላይ ወይም በታች መሆን፤ ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ። እጁን ስላርገበገበ ብቻ ኦቲዝም አይባልም። ዓይን ለዓይን ስላየ ብቻም ኦቲዝም የለበትም አይባልም። አሥር ደቂቃ ታይቶ ወረቀት ከተሰጣችሁ፣ ወዲያም ይሁን ወዲህ፣ በትሕትና ሁለተኛ ቀጠሮ ጠይቁና ቪዲዮውን አሳዩ።

የአንጎል ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ኦቲዝምን አያሳዩም። በግ ተሽጦ ፎቶ ተነስቶ “ንጹሕ ነው” ሲባል ሰው “ምንም የለበትም” ብሎ ይመለሳል፤ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። ኢኢጂ (የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ምርመራ) የሚያስፈልገው ልጁ ራሱን ስቶ ከወደቀ፣ ዓይኑ ፈጥጦ የሚቀር ከሆነ ወይም የነበረው ቃል ከጠፋ ነው። አፈርና ከሰል የሚበላ ልጅ ግን የደም ማነስ ይመርመር።

የምርመራ ወረቀቱ ላይ አራት ነገር መኖሩን ሳታረጋግጡ አትውጡ፦ የምርመራው ስም፣ የሚያስፈልገው የድጋፍ መጠን (ደረጃ 1፣ 2 ወይም 3፤ 3 ከፍተኛ ድጋፍ የሚፈልግ ማለት ነው፤ ይህ ከጊዜ ጋር ሊለወጥ ይችላል)፣ የጆሮ ውጤት፣ ለትምህርት ቤት የሚሰጥ ምክር።

አዲስ አበባ መሄድ የግድ የሚሆነው እዚህ ያሉት ሐኪሞች ሳይወስኑ ሲቀሩ ነው። የካቲት 12 ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሕፃናት አእምሮ ሕክምና ክሊኒክ አላቸው። ዘሚ የኑስ የመሠረቷት ኒያ ፋውንዴሽን ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያስተዳድራል፤ ነህምያም ሌላው ማዕከል ነው። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ቀጠሮ በስልክ ሳታረጋግጡ አትነሱ። ለመንገዱ የለመደውን ምግብ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና የሚወደውን አንድ ዕቃ ያዙ፤ ወንበራችሁም ከሾፌሩ ስፒከር የራቀ ይሁን።

ስለ “ምክንያቱ” የሚባለው

ክትባት ኦቲዝም አያመጣም። ቡዳም፣ የእናት ድንጋጤም አያመጣውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ የተወለዱትን “በተኩሱ ደንግጦ ነው” ማለት የተለመደ ነው። ከባድ ጭንቀት ያለፈበት ልጅ ዝም ሊል፣ ሰው ሊሸሽ ይችላል፤ ሁለቱን የሚለየው ግምገማው ነውና ድንጋጤ ነው ብላችሁ አታቆዩት። ስልክም እንዲሁ፦ ዝጉት፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ አይፈቅድም፤ ስልኩ እስኪለቀው ብላችሁ ግን ቀጠሮ አታራዝሙ። ከሚሴና ባቲ ቤት ውስጥ ኦሮምኛም አማርኛም የሚነገር ከሆነ አንዱን አትተዉ፤ ሁለት ቋንቋ ልጅን ኦቲዝም አያደርገውም፤ በጣም በምትችሉት ቋንቋ አጫውቱት።

ፀበል፣ ዱአ፣ ወዳጃ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ ከሐኪም ጋር አይጣላም። መስመሩ ግን ግልጽ ይሁን፦ አይታሰር፣ አይገረፍ፣ ጭስ አይታጠን፣ የሚጥል በሽታ ኪኒን ከጀመረ አንድ ቀን እንኳ አይቋረጥ። በድንገት ማቋረጥ ሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት ደግሞ የለም፤ ሪስፐሪዶን የሚታዘዘው ለከባድ ቁጣና ራስን ለመጉዳት ነው።

ደረጃ 5፦ ቤት ውስጥ፣ ከዛሬ

ወረቀት አትጠብቁ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጡና እሱ የያዘውን ነገር አብራችሁ ያዙ። ጎማ የሚያሽከረክር ከሆነ እናንተም አሽከርክሩ። እሱ ከሚለው በአንድ ቃል ብቻ ብለጡ፦ ምንም የማይል ከሆነ “ውሃ”፣ “ውሃ” የሚል ከሆነ “ውሃ ስጪኝ”። የሚወደውን ዕቃ እያየው እጁ በማይደርስበት አስቀምጡ፣ ሁለት ነገር አንስታችሁ “ዳቦ? ሙዝ?” በሉና በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ዝምታው ይከብዳል፤ ብዙ ወላጅ ሦስት ላይ ይሸነፍና ይሰጣል። ዓይኑን ቢያዞር፣ እጁን ቢዘረጋ፣ ድምፅ ቢያወጣ ወዲያው ስጡት። ሽንት ቤት ማስለመድም አሁን ይጀመር፤ ብዙ አጸደ ሕፃናት በር የሚዘጋው በዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ትምህርት ቤት መምረጥ

ከነሐሴ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ክፍሉ ሲማር እዩ። ነሐሴ ላይ የምታዩት ባዶ ክፍልና አዲስ ቀለም ነው። መጀመሪያ የከተማው ወይም የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ባለሙያውን አግኙ። ሁለት ጥያቄ በቂ ነው፦ የድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት የትኛው ነው? በልዩ ፍላጎት የሠለጠነ መምህር ያለው የት ነው? አንደኛ ክፍል በ7 ዓመቱ እንደሚጀመር እያሰባችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ የቅድመ አንደኛው ሁለት ዓመት ለዚህ ልጅ መግባባትን የሚለምድበት ነው።

የግል አጸደ ሕፃናት፣ የመንግሥት ቅድመ አንደኛ (ኦ) ክፍል፣ የልዩ ፍላጎት ክፍል፣ የቄስ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ፤ ከስሙ ይልቅ መምህሯን ምረጡ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት ቤት ክብር ሊያመጣ ይችላል፤ “ውሃ” ለማለት ለሚታገል ልጅ ግን ድካሙን እጥፍ ያደርጋል። የቄስ ትምህርት ቤትና መድረሳ በዜማ መድገም ለአንዳንድ ልጆች እጅግ ይስማማል፤ አለንጋ ካለ ግን አይሆንም።

ስትጎበኙ ሦስት ነገር ላይ ቆዩ። አንደኛ አጥርና በር፦ እነዚህ ልጆች ሳይታሰብ ሮጠው ይወጣሉ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ አስፋልት ዳር ናቸው። በሩ በዕረፍት ሰዓት ይቆለፋል? ዘበኛው አለ? ሁለተኛ ድምፅ፦ የጠዋት ሰልፍ ስፒከር፣ ደወል፣ ጎረቤት ያለ ወፍጮ። ልጁ ሰልፉን ከክፍል ሆኖ መጠበቅ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ሦስተኛ ቁጥር፦ ስንት ልጅ በስንት ሰው? አርባ ልጅ በአንድ መምህርት ከሆነ፣ የቱንም ያህል ደግ ብትሆን፣ ልጃችሁ ጥግ ይቀመጣል። ረዳት መኖሯን፣ ረዳቷ ሥራዋ ሽንት ቤት መውሰድ ብቻ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ።

ርእሰ መምህሩን “ኦቲዝም ያለበት ልጅ ትቀበላላችሁ?” አትበሉ፤ መልሱ ወይ ፈጣን አዎ ነው ወይ ፈጣን አይ ነው። “አንድ ልጅ ሲጮህና ሲወድቅ መምህሯ ምን ታደርጋለች?” በሉ። “እናናግረዋለን፣ ፀጥ ወዳለ ቦታ እንወስደዋለን፣ እናንተን እንጠይቃለን” ጥሩ መልስ ነው። “እኛ ጋ ሁሉም ይታረማል” ካሉ አመስግናችሁ ውጡ።

ምርመራውን አትደብቁ። የተደበቀ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት “ባለጌ” ይባላል፣ ቅጣቱም በዚያው ልክ ይሆናል። “አንቀበልም” ካሏችሁ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ማጽደቋን ጠቅሳችሁ እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቁና ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ውሰዱት። ብዙ ጊዜ “በጽሑፍ” የሚለው ቃል ራሱ ነገሩን ያለዝበዋል።

ለመምህሯ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ስጧት፦

“ስሙ ሲጠራ ካልዞረ ትከሻውን በቀስታ ነክተሽ ፊቱ ጋ ዝቅ በይ። አንድ ትእዛዝ ብቻ በአንድ ጊዜ። ‘ቦርሳ አምጣ’ እንጂ ‘ቦርሳህን አምጥተህ ዝጋና ተቀመጥ’ አይሆንም። ሽንቱ ሲመጣ ሱሪውን ይይዛል። ደወል ከመደወሉ በፊት ንገሪው። ሲናደድ አትያዢው፤ ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ቀይ ወጥ አይበላም፤ አታስገድጂው።”

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ወር

ሙሉ ቀን አታስጀምሩት። መስከረም ከመግባቱ በፊት ግቢው ባዶ ሳለ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሩት፣ ሽንት ቤቱን አሳዩት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰዓት፣ በሁለተኛው እስከ ዕረፍት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን። ሁልጊዜ ሳያለቅስ ሳለ ወደ ቤት ውሰዱት፤ ሲጮህ ካወጣችሁት ጩኸት በር እንደሚከፍት ይማራል። ሁለተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ሲከፋ አትደንግጡ፤ ልጁ ጉዳዩ እንደሚቀጥል የገባው ያኔ ነው።

ከመምህሯ ጋር በየቀኑ የሚመላለስ ደብተር ያዙ፣ ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ በላ ወይ? ከማን ጋር ተጫወተ? ምን አስለቀሰው? “ጎበዝ ነበር” የሚል ብቻ እየተመለሰ ከሆነ በዕረፍት ሰዓት ሳትነግሩ ሄዳችሁ እዩ። ቤት ደርሶ ሱሪው ውስጥ መሽናት ከጀመረ፣ የትምህርት ቤቱን ልብስ ሲያይ ከተንቀጠቀጠ፣ አካሉ ላይ ምልክት ካለ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ለብቻው ጥግ እንደሚውል ካያችሁ፣ የከፈላችሁት ይቅርና አስወጡት። ማልቀስ ብቻውን፣ በተለይ ከበር እስከ ክፍል ያለው፣ ለመውጣት ምክንያት አይደለም።

ስድስት ወር ሲሞላ፣ የካቲት መጨረሻ አካባቢ፣ ሁለቱን ደብተሮች ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። አዲሶቹን አምስት ቪዲዮዎች ከድሮዎቹ ጎን አሳዩት፤ የድጋፍ መጠኑ የሚስተካከለውና ለመጪው ዓመት የትኛው ክፍል እንደሚሻል የሚወሰነው ከሰኔው ምዝገባ በፊት በዚያ ቀጠሮ ነው።